ቁልቁለቱ ሥር ሰው አለ

ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር፣ አዘዞ፣ ግቢህ ውስጥ የምትሠራውን ጎረቤት ሁሉ ያያል። ኮሮላዋን በክሪክ ታነሣለህ፤ ለጥንቃቄ ብለህ ከሥሯ አንድ ብሎኬት ትሸጉጣለህ፣ ያውም ክብደት ሲያርፍበት የሚፈረከሰውን። ጎማውን ትፈታለህ። ካሊፐሩን ነቅለህ በገዛ ቱቦው አንጠልጥለህ ትተወዋለህ፤ ያ የላስቲክ ቱቦ የዘይት ግፊት እንዲችል እንጂ ብረት እንዲሸከም አልተሠራም፣ ውስጡ ሲቀደድ ደግሞ ከውጭ አያስታውቅም። ያለቀውን የፍሬን ሸራ አውጥተህ «ኦሪጅናል ነው» ተብለህ የገዛኸውን ታስገባለህ። ግሪስ የነካውን ጣትህን ሱሪህ ላይ ጠረግ አድርገህ የአዲሱን ሸራ ፊት ትዳብሳለህ። የፍሬን ዘይቱን ካለፈው ክረምት ከተረፈ፣ ክዳኑ ከላላ ሃይላንድ ትሞላለህ። ልጅህ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንተ አየር ታወጣለህ፤ ስልክ ሲጠራ መሀል ላይ ታቋርጠዋለህ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነድተህ ትመለስና ለሚስትህ «ሰው በከንቱ ነው ለጋራዥ የሚገፈግፈው» ትላታለህ። እሑድ ጠዋት እሷንና ልጆቹን ጭነህ ወደ ደባርቅ ትወጣለህ።

ማን ፈቀደልህ?

«መኪናው የራሴ ነው» ትለኛለህ። አዎ፣ መኪናው ያንተ ነው፤ ሊብሬው በስምህ ነው። ፍሬኑ ግን ያንተ ብቻ አይደለም። ፍሬኑ ከፊትህ በባጃጅ የሚሄደው ተማሪ ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በገበያ ቀን አህያዋን እየነዳች አስፋልቱን የምታቋርጠው እናት ነው፣ ኩርባው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጎቹን የሚጠብቀው ልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች አንተን አያውቁህም። ቅዳሜ ከሰዓት ስትወስን አላማከርካቸውም። ነገር ግን ብትሳሳት ሒሳቡን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ድህነትህን አልገሥጽም፤ ኑሮውን ሁላችን እናውቀዋለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪናን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና መለዋወጫው አብሮ ወጣ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ጎንደር የሚገባው ዕቃ ይመናመናል። ስለዚህ ያቺ ዕድሜዋ ከበኩር ልጅህ የሚበልጥ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግልህ ነው፤ እጅህን ማፍታታትህም አያስነቅፍም። የሞተር ዘይት ለውጥ። ካንዴላ ቀይር። ፊልትሮ አጽዳ። ካንዴላ ላይ ብትሳሳት መኪናዋ አትነሣም፤ ቆማ ታሳፍርህ ይሆናል እንጂ ሄዳ ሰው አትገድልም። ፍሬን ላይ የሠራኸው ስሕተት ግን ሜዳ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቅና ቁልቁለት ላይ ይናገራል።

የምትኖረው ደግሞ ሜዳማዋ ዱብቲ አይደለም፤ ጎንደር ነው። ከተማዋ ራሷ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ከጎሐ ተራራ እስከ ቀሃ ወንዝ ድረስ ቁልቁለት ናት። ወደ ሰሜን ብትወጣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ከደባርቅ ወዲያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልጦ ያወጣው የሊማሊሞ መንገድ አለ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ የሚጥልህ። ወደ ምዕራብ ብትወርድ ከአዘዞ በአይከል፣ በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ከ800 ሜትር በታች ይገባል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ የተሻገረው ይህንኑ የሊማሊሞን ተራራ ነው። ያን ጊዜ መንገደኛው በቅሎ ነበረችው፤ በቅሎ ገደል ስታይ ትቆማለች፣ ጌታዋ ቢገርፋትም አትንቀሳቀስም።

ስሌቱን ልንገርህ፣ «ሊማሊሞን ስንቴ ወርጄዋለሁ» የምትለውን ነገር እንድትተው። ሰው የሞላ ሚኒባስ 3 ቶን ያህል ይመዝናል። ያ 3 ቶን 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሊማሊሞ ደግሞ የሚያወርድህ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘልህ፣ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ጎማዎቹ ውስጥ በተሸሸጉ፣ መዳፍህ በሚሸፍናቸው ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዙን ይቀንሳል። አንተ አብዝተህ ትረግጣለህ፤ ይብስ ይግላል። ያን የተቃጠለ ሽታ ደባርቅና ዛሪማ መካከል የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተሳፋሪው አፍንጫውን በነጠላው ይይዛል፣ ሾፌሩ መስኮት ይከፍታል። ሽታው ከመኪናው ወጣ ማለት አደጋው ወጣ ማለት ይመስል!

ስለዚያ ሃይላንድ ደግሞ ላናግርህ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ተፈጥሮው ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው መመዘኛው። 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የጎንደርን ክረምት፣ ያን ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳ የሚያላብሰውን ጭጋግ፣ ክዳኑ የላላው ዘይትህ ሲጠጣው ነው የከረመው። ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ ሲጨመቅ አይሸሽም፣ እንፋሎት ግን ይሸሻል። ፔዳሉን ስትረግጠው ወለል ይነካል፤ መኪናዋም የሰማችህ አትመስልም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው። ዕድል ቀንቶህ የሆነ ቦታ ብትቆም፣ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንተም ትሞክረውና «ምንም የለበትም፣ ሳይታሰብ ነው» ብለህ ትቀጥላለህ። ማስጠንቀቂያውን ከተአምር ቆጥረኸው ስለት ትገባለህ፣ ዘይቱን ግን አትቀይርም።

ከዚህም የባሰ አለ። የፍሬን ዘይት ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው አለ፤ «ዘይት ዘይት ነው» እያለ። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ላስቲኮች ያሳብጣል። ያበጠ ላስቲክ መጀመሪያ ፍሬኑን አንቆ ይይዛል፣ ኋላ ያፈስሳል። ያን ጊዜ መጠገን ማለት ከማስተሩ እስከ አራቱ ጎማ ያለውን ላስቲክ ሁሉ መለወጥ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ይኸውልህ። ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ማርሽ አውጥተህ ቁልቁል የምትለቅ ደግሞ፣ የምትቆጥበው ነገር እንደሌለ ልንገርህ። በኢንጄክሽን የሚሠራ ሞተር በማርሽ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ፣ እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ካነሣህ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ማርሽ ስታወጣ ነው እንዳይጠፋ ነዳጅ የሚጠጣው። ለቆጠብከው ባዶ ነገር ብለህ የሞተሩን ጉልበት ከፍሬንህ ላይ ነጠቅህ።

አሁን ወደ ልብህ ልግባ። መስታወትህ ላይ የቅድስት ማርያምን ሥዕል ለጥፈሃል፤ መልካም አደረግህ። ዳሽቦርዱ ላይ መስቀል አስቀምጠሃል፤ ይሁን። ፍሬኑ ሲያፏጭ ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ትላለህ። እግዚአብሔር እንደሚያውቅማ ምን ጥርጥር አለው! ጥያቄው አንተም ማወቅህ ነው። ሰይጣን ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲለው ምን እንደተመለሰለት በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ተምረሃል። በላላ ፍሬን ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆመህ «ታወጣኛለች» ማለትህ ያንኑ ፈተና በራስህ አፍ መድገምህ ነው። ይህ እምነት አይባልም። ሥዕሉን ለሸራ መግዣ መያዣ ማድረግ ነው።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ን ቄሱ ያንብቡልህ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል፣ ቀድሞ ተዋጊ ካልነበረ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። በሬው ከትናንት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተዋጊ ከሆነ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ባለቤቱም ይጠየቅበታል። አንተ ተነግሮሃል። ያ ማፏጨት፣ ያ ፔዳሉ ከትናንት ይልቅ ዝቅ ማለቱ፣ ፍሬን ስትይዝ መሪው ወደ ግራ መሳቡ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቀይ መብራት፣ ሁሉም መልእክተኞች ናቸው። ብዙ ሸራ ሲያልቅ እንዲጮህ ተብሎ አንዲት ቀጭን ብረት የተገጠመለት ነው፤ የሠራው ሰው የማያውቀው አገር ላለ የማያውቀው እግረኛ አስቦ አስገባት። አንተ ጎረቤትህ ለሆነው እግረኛ አላሰብክም፤ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግህ።

ጋራዥ የምታስገባውም ነጻ የወጣህ አይምሰልህ። አንተም ተቀመጥ፣ ተግሣጹ ይድረስህ። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ «ይህ ሲሊንደር ያፈሳል፣ መለወጥ አለበት» ሲልህ ምን አልከው? «ለጊዜው መስመሩን ዝጋና በሦስቱ ስጠኝ፤ ነገ ሰሊጥ እጭናለሁ።» ያ «ለጊዜው» ስንት ወር ሆነው? የአይሱዙ ባለቤት ሆነህ፣ ጥቅምት ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ከጭነት ላይ አስቀምጠህ፣ በሦስት ጎማ ፍሬን የላክህ አንተ፣ ገበሬው ልጁን መርቆ የላከው ካንተ ጋር መሆኑን ታውቃለህ? ሾፌርህ ደግሞ «ፍሬኑ ልክ አይደለም» ካለ ነገ ሌላ ሾፌር እንደምትቀጥር ስለሚያውቅ ዝም ይላል። ዝምታውን ገዝተኸዋል፤ ደመወዙ ውስጥ ቆጥረህ ነው የሰጠኸው። ለቦሎ ቀን ብቻ ጎማ ተውሶ፣ ፍሬን አሳስሮ፣ ተለጣፊውን ካገኘ በኋላ ወደ ነበረበት የሚመለሰውንም አንረሳውም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምርመራ ያዘዘው ወረቀቱን ለመስታወትህ ጌጥ አስቦ አይደለም።

አንተም መካኒክ፣ ባለቤቱ ስላዘዘህ መስመር የደፈንክ፣ የሌላ አገር ፍርድ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ተራራማ ከተማ አንድ ከባድ የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልያዝ ብሎ አንዲት የ4 ዓመት ሕፃንና ሦስት ወንዶች ገደለ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ባለንብረቱን 7 ዓመት ከመንፈቅ፣ መካኒኩን 5 ዓመት ከ3 ወር አሰረ። ሾፌሩ ነጻ ወጣ። መሪ የያዘው ወጣት ነጻ ሲለቀቅ መፍቻ የያዘው ገባ። «የእኛ አገር ሕግ እንዲህ አይደለም» እንዳትል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 አለልህ። በሙያው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት፤ የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግልጽ የሆነን ደንብ እያወቀ ከጣሰ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። አደጋ ከደረሰ በኋላ ግን ሁላችን ጅብ ከሄደ እንደሚጮኸው ውሻ ነን፤ ሾፌሩን እንራገማለን፣ መንገዱን እንራገማለን፣ ሸራውን የጠየቀ የለም።

እንግዲህ ራስህ አትሥራ እያልኩህ ነው? አይደለም። በሥርዓት የሚሠራ ሰው ራሱ ቢሠራው ከሰነፍ ጋራዥ ይሻላል። የምገሥጽህ ከመወሰንህ በፊት ስለጠየቅኸው ጥያቄ ነው። አንተ የጠየቅኸው «ስንት ይቆጥብልኛል?» ብለህ ነው። መጠየቅ የነበረብህ «ብሳሳት ስሕተቴን የሚያይልኝ ማን ነው?» ብለህ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ልምምድ ላይ ያለ ልጅ ያሠረውን ዋናው መካኒክ ያየዋል፤ ቢያንስ ማየት አለበት። ያንተን ማን አየው? ልጅህ? እሱ ፔዳል እንዲረግጥ ነው የተጠራው። መካኒኩ ጎረቤትህ በአጥር በኩል ሲያይህ «ምን ልርዳህ?» ቢልህ «አመሰግናለሁ፣ ጨርሻለሁ» ብለህ በር ዘጋህበት። ገንዘብ አይደለም ያጣኸው፤ አንድ ሰው እጅህን እንዲያይብህ አትፈልግም። በሽታህ ይህ ነው። አላውቅም ከማለት ሰው መግጨት ቀለለህ።

ራሴ እሠራለሁ ካልክ እንዲህ ሥራው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ ወይም በብሎኬት አታንሣ፤ የብረት መቆሚያ ተከራይ ወይም ተዋስ። የአንዱን ጎማ ሸራ ብቻ ቀይረህ የጓዱን አትተው፤ ሸራ በጥንድ ነው የሚለወጥ፣ አለዚያ ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጥልሃለች። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብብና ለካ፤ ከዚያ ከሳሳ ሸራ ብቻ መቀየር ሌብነት ነው፣ ራስህን መስረቅ። ዘይቱን ከታሸገ ዕቃ ክፈት፤ በየሁለት ዓመቱ አጠቃላይ ቀይረው፣ የተረፈውን አታስቀምጥ። የአሮጌ መኪና ከበሮ ስትከፍት አቧራውን በአፍህ እፍ አትበለው፣ ልጅህንም አታስጠጋ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ያለበት አለ፣ እሱ ከሳንባ አይወጣም። ስትጨርስ ሞተሩን አስነሥተህ ፔዳሉን ረግጠህ ያዘውና አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቅ። ቀስ እያለ ከሰመጠ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይም ማስተሩ አልቋል፤ ያን ቀን ከግቢ አትወጣም። ስፖንጅ ላይ የቆምክ ከመሰለህ አየር አለበት፤ እንደገና አውጣ፣ ስልክህን ዘግተህ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ሙያው ላለው ሰው አሳየው። ለጎረቤት፣ ለጋራዥ፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ተምሮ ለወጣ የሰፈር ልጅ። ጎማውን ፈትቶ ይየው፤ የሚገባውን ክፈለው። ከላይ ሆኖ በአንገቱ እየነቀነቀ «ደህና ነው» የሚልህን አይደለም የምልህ። ይህን ለማድረግ አቅም ከሌለህ ወይም ኩራትህ ካልፈቀደ፣ ፍሬኑን አትንካው። በአውቶቡስ ሂድ።

ጥምቀት ይመጣል። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱን የሚሞላው ሕዝብ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ አንተም እንግዶችህን ለማመላለስ ያችን መኪና እንደምታወጣት አውቃለሁ፣ በማግሥቱም የሰሜን ተራሮችን እናሳያቸው ብለህ ሽቅብ ትነዳለህ። እንግዲያው ደባርቅ ስትደርስ ከመውረድህ በፊት ቁም። ውረድና አራቱንም ጎማ ዙር። እጅህን ብረቱን ሳትነካ ወደ ቸርኬው አቅርበህ ሙቀቱን አስተያይ። ከጓዱ ይልቅ የቀዘቀዘው ፍሬን አልያዘም፤ ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለው ይዞ አልለቅ ብሏል። አንዱን እንኳ ካገኘህ፣ ኋላ የተቀመጡት እንግዶች ፀሐይ ሳትጠልቅ ገደሉን እንይ እያሉ ቢነዘንዙህም፣ አትውረድ። ደባርቅ መካኒክም አለ፣ አልጋም አለ።